በቀትር «ደጆች» ያልኩበት ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከማያምኑት ወገን ነኝ፣ ይሄን መጀመሪያ ልንገራችሁና ከዚያ ቀሪውን ስሙኝ። ሰፈር ውስጥ «እገሊትን ለክፏት ነው»፣ «እገሌ ቤት ጣሪያ ላይ ድንጋይ ይወረወራል» ሲባል ከት ብዬ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና በቀትር ደጅ ስንሯሯጥ «ግቡ፣ ሰዓቱ ክፉ ነው!» ስትለን እንኳ «ስድስት ሰዓት ነው እንጂ ምን ክፉ አለው» ብዬ አፍ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፣ ለዚህም ስንት ቁንጥጫ እንደቀመስኩ ጭኔ ይመስክር። እኔ የምፈራው ሰውን ነው። ሰው ይሰርቃል፣ ሰው ይዋሻል፣ ሰው ከኋላ ይከተላል፣ ለዚህ ሁሉ ግን መላ አለው። አሁንም ቢሆን አላምንም ልላችሁ ፈልጌ ነበር፣ ግን ይቅር፣ ውሸት አልወድም።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ለጥናት ከውጭ የሚመጡ ሰዎችን፣ በተለይ ብቻቸውን የሚመጡትን ሴቶች፣ ከኤርፖርት እቀበላለሁ፣ ቤት እፈልግላቸዋለሁ፣ ሰፈር አስለምዳቸዋለሁ፣ ከዚያ ከሰው ጋር ሲያወሩ መሃል ተቀምጬ ቃል አመላልሳለሁ። ስንት ዓመት ስሠራ አንዷም ላይ ክፉ ነገር ደርሶ አያውቅም፣ ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ የሆነ እንዳይመስላችሁ፣ ጨቅጫቃ ስለሆንኩ ነው። «ታክሲ ውስጥ በሩ አጠገብ አትቀመጪ፣ መስኮት ስር ሆነሽ ስልክ አታውሪ፣ ፓስፖርትሽን ቤት ቆልፈሽ ኮፒውን ያዢ፣ ብቻሽን ነው ወይ የምትኖሪው ላለሽ ሁሉ ባሌ ማታ ይመጣል በይ፣ ባል ባይኖርሽም ቀለበት አድርጊ፣ የት እንደምትሄጂ ሳትነግሪኝ ከግቢ ንቅንቅ እንዳትይ!» እንዲህ እያልኩ ነው የማደርቃቸው። አንዳንዴም እፈትናቸዋለሁ፣ አንዷን በር አንኳኩቼባት ማነው ሳትል ብትከፍትልኝ እስክታለቅስ ነው የተቆጣኋት። ከኋላዬ «ሻለቃዋ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ይበሉኛ፣ ምን ቸገረኝ።

ቺሶሞ የመጣችው ልደታ ይፈርስ በነበረበት ጊዜ ነው። ከማላዊ ነች፣ ቀጠን ያለች፣ ሳቂታ፣ ደብተር ከእጇ የማይለይ ልጅ፣ የምታጠናው ደግሞ ሰፈር ፈርሶ ጎረቤት ሲበታተን ሴቶቹ እንዴት እንደሚኖሩ ነበር። «ሆቴል ተቀምጬ ስለ ሰፈር አልጽፍም» ብላ ድርቅ አለች፣ እኔም ብለምናት ብቆጣት እምቢ ስትል ጌጃ ሰፈር ጥግ እትዬ ዘምዘም ግቢ ውስጥ አንዲት የሰርቪስ ክፍል አገኘሁላት። እትዬ ዘምዘም የወሎ ሰው ናቸው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ተክለ ሃይማኖት ጋ ጨርቅ እየሸጡ ሁለት ሴቶች ልጆች ያሳደጉ፣ ምላሳቸው ስለት፣ ልባቸው ቅቤ የሆነ ሴትዮ። የእሳቸውም ቤት ሊፈርስ ወራት ነበር የቀረው፣ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል፣ በሦስት በኩል ያሉት ቤቶች ፈርሰው ግቢው ፍርስራሽ መሃል ብቻውን ቆሞ ነበር። አልወደድኩትም። ግን ግቢው ሰው አለው፣ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው፣ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

የመጣች ዕለት እናቷ ደወሉልኝ። ወይዘሮ ኤስናት ነው ስማቸው፣ እንግሊዝኛቸው ቀስ ያለ፣ ረጋ ያለ፣ የአስተማሪ ዓይነት ነው። «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ እኔ እዚህ ሆኜ አላያትም፣ አንቺ ዓይኔ ሁኚልኝ» አሉኝ፣ እመኑኝ፣ ልጅ ባይኖረኝም የእናት ነገር ሆዴን ይበላኛል። «አይስጉ፣ እኔ ሳላውቅ ማንም ሰው በሯን አያልፍም» አልኳቸው፣ ቃል ገባሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ይደውሉ ነበር፣ ከልጃቸው ጋር ካወሩ በኋላ «እስቲ ያቺን ቆፍጣና ስጪኝ» ይሉና ከእኔ ጋር ይስቃሉ፣ «ፊትሽን ባላየውም ድምፅሽን ሺህ ሰው መሃል አውቀዋለሁ» ይሉኝ ነበር።

እትዬ ዘምዘም ግቢ የገባነው ሐሙስ ዕለት ነው። ዕቃዋን እንዳስገባን ወዲያው የግቢውን በር ትምህርት ጀመርኩ። «ውጪ ያለ ሰው ቤቶች ብሎ ይጣራል፣ አንቺ ከውስጥ ደጆች ትያለሽ፣ ከዚያ ድምፁን ለይተሽ፣ ማን እንደሆነ አውቀሽ ነው የምትከፍቺው» አልኳት። ነገሩ ገረማት። «ሰውየውን ሳይሆን ቤቱን ነው የምትጠሩት?» አለችኝ፣ «እና ደጆች ብሎ የሚመልሰው ማነው፣ ሰውየው ነው ቤቱ?» «ልማድ ነው፣ አትመራመሪ» አልኳት፣ እሷ ግን ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ ለልምምድ እኔ ውጪ ወጣሁ፣ እሷ ቀረቀረች። «ቤቶች!» አልኩ። ዝም። «ቤቶች!» ደገምኩ። በዚያው ቅጽበት የሚያፈርሰው ማሽን አጠገባችን ያለውን ግድግዳ ሲጥለው አቧራው ጉሮሮዬ ገባና ሁለት ጊዜ አሳለኝ፣ ከዚያ «እኔ ነኝ የኔ ቆንጆ፣ ክፈቺ» አልኩ፣ እሷም በዚያ በሚጣፍጥ አነጋገሯ «ደጆች!» ብላ መቀርቀሪያውን ሳበችው፣ በሩ ሲከፈት «ጎበዝ!» አልኳት፣ ተያይዘን ሳቅን። ይሄው ነው፣ ከዚህ የተለየ ምንም አላደረግንም።

ልሄድ ስል አንድ ነገር ጨመርኩላት። በእንግሊዝኛ ነው ያልኳት፣ «ከስድስት በኋላ ግን ቤቶችም ቢሉ ምንም ቢሉ ለማንም መልስ እንዳትሰጪ፣ እንዳትከፍቺ፣ እኔም ብሆን!» እኔ በፈረንጅ ሰዓት ማታውን ማለቴ ነው። «እኔም ብሆን» ያልኩትም እንዲያው ነገሩን ላጠብቀው ብዬ ነው። በር ላይ ስንሰነባበት ደግሞ በአማርኛ «ነገ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ» አልኳት፣ በሰባት ሰዓት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የምናነጋግራት ሴት ነበረች። ቺሶሞ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር በዚያ ሳምንት ተምራ በኩራት ሰዓቷን ሳይቀር በሐበሻ ሞልታ ነበር፣ እኔ ይሄን አላሰብኩትም። በነጋታው ዓርብ መሆኑንም አላሰብኩትም።

ዓርብ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ አጥቼ ሰልፍ ላይ ተገትሬ ቀረሁና ጌጃ ሰፈር የደረስኩት ለሰባት አሥር ጉዳይ ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ጥላዬ እግሬ ስር ገብቷል። ማሽኑ ቆሟል፣ ሠራተኞቹ ለምሳ ሄደዋል፣ ሁልጊዜ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ «ቆራሌው!» የሚለው እንኳ ያን ዕለት የለም፣ ውሻ የለም፣ ሰው የለም። ግቢው ጋ ሳልደርስ ፍርስራሹ ላይ የተቆለለውን ብረት የሚጠብቁት ዘበኛ፣ ጋሽ ወልዴ፣ ሸራ ወጥረው ስሩ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ደሞ መቼ ወጣሽ አንቺ?» አሉኝ።

«ከየት ነው የምወጣው ጋሽ ወልዴ?»

«ከዚያው ነዋ! ቅድም አይደል ሰላም እንኳ ሳትዪኝ አልፈሽኝ ወደ በሩ የሄድሽው? ያዝኩብሽ እኮ።»

«እኔ ገና አሁን ከታክሲ መውረዴ ነው፣ ፀሐይዋ አናትዎን መትታዎታለች» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ አናቴን የተመታሁት! ያንን ቢጫ ሻርፕሽን ደግሞ አጣዋለሁ?» ብለው ተቆጡ።

ቢጫ ሻርፕ አለኝ፣ አዎ፣ ግን ያደረግኩት ሐሙስ ነው፣ ያን ዕለት ቤቴ ወንበር ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። ትናንትናና ዛሬ ተምታቶባቸው ነው ብዬ ስቄ አለፍኩ። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ።

በሩ ጋ ደርሼ «ቤቶች!» አልኩ። ዝም። በሩን ገፋ ባደርገው ተቀርቅሯል። «ቤቶች! እትዬ ዘምዘም!» ዝም። ያኔ ነው ዓርብ መሆኑ ትዝ ያለኝ፣ እሳቸውም ልጆቻቸውም መስጊድ ናቸው ማለት ነው፣ ልጅቷ በዚያ ሁሉ ፍርስራሽ መሃል ብቻዋን ነች፣ እኔ ሻለቃዋ ይሄን ሳላሰላ ቀረሁ ማለት ነው፣ በራሴ ተናደድኩ። «ቺሶሞ! እኔ ነኝ!» ብዬ ቆርቆሮውን በመዳፌ ስመታው ከበሩ ጀርባ፣ ቅርብ፣ ልክ ቆርቆሮው ላይ አፏን የለጠፈች ያህል፣ በእንግሊዝኛ አንድ ሹክሹክታ መጣ።

«የእናቴ ስም ማነው?»

«ምን አልሽ?»

«የእናቴ ስም ማነው? ንገሪኝ!»

ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ቀልድ አይደለም። «ኤስናት» አልኩ። መቀርቀሪያው ተሳበ፣ በሩ በእጅ ስፋት ብቻ ተከፈተ፣ አንድ ዓይን ታየኝ፣ ከዚያ ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ ጎትታ አስገባችኝና መልሳ ቀረቀረችው። ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቀች። እኔ እቴ፣ ሌባ የገባባት ነው የመሰለኝ።

ክፍሏ ገብተን ውኃ ከሰጠኋት በኋላ ነው የነገረችኝ። በእሷ አባባል ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። የእኔ ድምፅ ነው፣ ምንም ጥርጥር የለውም። እሷ ግን አልመለሰችም፣ ምክንያቱም ከስድስት በኋላ ለማንም እንዳትመልሺ፣ እኔም ብሆን ብያታለሁ፣ ስድስት ሰዓት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ቀትር ነው፣ በዚያ ላይ «ስድስት ተኩል እመጣለሁ» ማለቴን ስታስበው «ሙሉ ልትፈትነኝ ነው!» ብላ በሆዷ እየሳቀች አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ሙሉ እኔ ነኝ፣ እስካሁን ስሜን አልነገርኳችሁም ለካ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቤቶች አልሽ ሁለተኛ። ከዚያ ሳልሽ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ እኔ ነኝ የኔ ቆንጆ፣ ክፈቺ አልሽ። ከዚያ ትንሽ ዝም አልሽ፣ አንድ ሰው መልሶ በር እስኪከፍት ያህል። ከዚያ ጎበዝ አልሽ።»

«ጎበዝ? ሳትከፍቺ?»

«ሳልከፍት፣ ሳልመልስ። ያኔ ነው ሳቄ የቆመው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሽ።»

ደብተሯን አወጣች። አጥኚ አይደለች፣ እየፈራችም ጽፋለች፣ በእርሳስ አሥራ አንድ ጭረት አስምራለች፣ ከእያንዳንዱ ጎን ሰዓቱን፣ አንዱ ዙር የሚፈጀውን ሰከንድ ሳይቀር። ሁሉም እኩል ነው። ሳሉ እንኳ ቦታውን አይስትም። አሥራ አንደኛው ካለቀ በኋላ ዝም አለ፣ ከዚያ ብዙ ሳይቆይ እኔ ደረስኩ፣ እኔ ግን «እትዬ ዘምዘም» ስላልኩ፣ ሐሙስ ያላልኩትን ስላልኩ፣ በሩ ድረስ ልትመጣ ደፈረች። የእናቷን ስም የጠየቀችኝም ሐሙስ በር ላይ ከአፌ ያልወጣ ቃል እሱ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለች ብልህ ልጅ ነች።

እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ተቆጣሁ። ስፈራ እንዲህ ያደርገኛል። «ይሄማ የሰፈር ዱርዬ ነው፣ ትናንት ድምፄን በሞባይል ቀርጾ ነው የሚጫወትብሽ፣ ቆይ እንጂ፣ ጆሮውን ነው የምቆርጥለት!» እያልኩ ወደ በሩ ሄድኩ፣ ከፍቼ ግራ ቀኝ አየሁ፣ ከጋሽ ወልዴ ሸራ በቀር ምንም የለም፣ መልሼ ቀረቀርኩት፣ መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው መግባቱን በእጄ ነክቼ አረጋገጥኩ። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ በእጄ ነክቻለሁ።

ተመልሼ አልጋው ጠርዝ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ዛሬውኑ ከዚህ እንወጣለን እያልኳት ሳለ፣ ስለ ሻንጣዋ እያሰብኩ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ፣ ከደጅ «ቤቶች!» አለ።

«ደጆች!» አልኩ።

አያችሁ? እንዲሁ ነው የወጣው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንል ያደግነው ነገር ነው፣ ቤቶች ሲባል ደጆች ይላል አፋችን፣ አንጎላችን አይጠየቅም። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ድምፁ የማን እንደሆነ የገባኝ። የራሳችሁን ድምፅ ከውጪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በቴፕ አይደለም፣ እንዲያው በአየር ላይ፣ ከአጥር ወዲያ። እኔ ነኝ። ትንሽ ሻከር የሚለው፣ «ቶች» ላይ ከፍ የሚለው፣ እናቴ «እንደ ገበያተኛ አትጩኺ» የምትልበት ድምፅ ነው። ቺሶሞ ክንዴን ጨመቀችው፣ ጥፍሯ ገባ።

ሁለተኛውን «ቤቶች» ጠበቅን። አልመጣም። ሳሉም አልመጣም። እየጠበቅን እያለ መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማን፣ ያ ዝገት የበላው ብረት ሲንቋረር፣ ከዚያ የቆርቆሮው በር ሲከፈት። ግቢው ውስጥ ኮቴ አልተሰማም፣ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ልክ ከክፍሉ በር ጀርባ፣ እኛ ከተቀመጥንበት ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ፣ ረጋ ባለ፣ ደስ ባለው ድምፅ፣

«ጎበዝ!» አለ።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። እኔ በስመ አብ ማለት እንኳ ጠፍቶብኝ ነበር። ብቻ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከውጪ የእትዬ ዘምዘም «ቤቶች!» መጣ፣ ማን ይመልስ! ደገሙ፣ አልመለስንም። «ቤቶች! ኧረ እናንተ ልጆች! ምን ሆናችኋል! ያ ረቢ፣ በዚህ ፀሐይ የገዛ ቤቴ በር ላይ ልቀቀል! ሞታችሁ ከሆነ ንገሩኝ፣ ካልሞታችሁ ደግሞ ከፍታችሁ እኔ ልግደላችሁ!» ብለው ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምሩ ይሄን ስድብ ማንም ፍጥረት ሊያስመስለው እንደማይችል ገባኝና ሄጄ ከፈትኩላቸው። ስከፍት ግን መቀርቀሪያው እኔ እንዳስገባሁት እስከ መጨረሻው ገብቶ አገኘሁት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። ልጆቻቸውን ወደ ቤት ላኳቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መለሳችሁለት?» አሉኝ።

ቺሶሞ ከሰዓትና ከሰላምታ ያለፈ አማርኛ አይገባትም፣ ግን ወደ እኔ ነው የምታየው። እኔ ደግሞ አፈርኩ፣ ለሰው ሁሉ ሕግ ሳወጣ የኖርኩት እኔ፣ «ኧረ እኛ! ምን ቆርጦን!» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እትዬ ዘምዘም፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «በቀትር የተጣራ ስሙን ሳይናገር ደጆች አይባልም፣ ደጆች ማለት እኮ ግባ ማለት ነው ልጄ።»

«ቢመልሱለትስ ምን ይሆናል?»

«እኔ እንጃ» አሉኝ፣ «በእኛ አገር የመለሰለት ሰው አላውቅም።»

ያን ዕለት ከሰዓት ቺሶሞን ሜክሲኮ አካባቢ ሰው የሚበዛበት ፔንሲዮን አስገባኋት፣ ሦስት ሳምንት ቆይታ ሥራዋን ጨርሳ በሰላም አገሯ ገባች። ለእናቷ ሁለታችንም ምንም አልነገርናቸውም፣ ለምን እናስጨንቃቸው። ሳስበው ልጅቷን ያዳናት የእኔ ጥንቃቄ ሳይሆን የእኔ ስህተት ነው፣ ስድስትን በፈረንጅ ብላ ይዛው ቢሆን ኖሮ ትከፍት ነበር፣ ይሄ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቢጫውን ሻርፕ በዚያው ሳምንት አውጥቼ ጣልኩት። የእትዬ ዘምዘም ግቢም ፈረሰ፣ እሳቸው ራቅ ያለ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስሄድ ቤቶች አልልም፣ በር ላይ ቆሜ ስልክ እደውላለሁ፣ ኮራች ይሉኛል። አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩና እውነቱን ለመናገር እየረሳሁት ነበር።

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ልብስ እየተኮስኩ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ኤስናት ናቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ደስ አለኝ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ «አንቺ ክፉ ልጅ!» አሉኝ እየሳቁ፣ «ይሄን ያህል አገር አቋርጠሽ መጥተሽ ውኃ እንኳ ሳትቀምሺ ትሄጃለሽ?»

«የት ነው የመጣሁት?» አልኳቸው።

«ቀልደኛ ነሽ! ቅድም በቀትር በሬ ላይ ቆመሽ ያን የአገርሽን ቃል ስትጣሪ እኮ ድምፅሽን ወዲያው ነው ያወቅኩት፣ ቤቶች ነው ያልሽው? ምን ብዬ እንደምመልስ ስላላወቅኩ ዝም ብዬ ከፈትኩልሽ። ጉንፋን ይዞሻል መሰለኝ፣ ስትስይ ነበር። ያ ቢጫ ሻርፕ ደግሞ እንዴት ያምርብሻል!»

ካውያው ልብሱ ላይ ቀርቶ ሽታው አፍንጫዬ እስኪገባ አላነሳሁትም።

«ቺሶሞስ?» አልኳቸው።

«ሥራ ላይ ናት አልኩሽ አይደል? ማታ በእኛ አገር ስድስት ሰዓት ትመለሳለች፣ ያኔ ነይ አልኩሽ። አንቺም ጎበዝ አልሽኝ። ምን ማለት ነው፣ እሺ ማለት ነው?»

እንዴት እንደተሰናበትኳቸው አላስታውስም። ብቻ የቺሶሞን ቁጥር ተቀብዬ ደወልኩ፣ ሦስቴ አላነሳችም፣ በአራተኛው አነሳች። «ቺሶሞ፣ ሙሉ ነኝ፣ ስሚኝ፣ ከስድስት በኋላ ለማንም እንዳትከፍቺ፣ እኔም ብሆን፣ እናትሽም ቢከፍቱ አንቺ ወደ በሩ እንዳትሄጂ፣ ሰማሽኝ? እኔም ብሆን!» አልኳት በአንድ ትንፋሽ። ያን ዕለት ደጆች ብዬ የመለስኩት እኔ መሆኔን፣ በእኔ ጦስ መሆኑን፣ ሁሉንም ለፈለፍኩ፣ አለቀስኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ትንፋሿ ይሰማኛል።

«አሁን የምታናግሪኝ አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ?» አለችኝ በመጨረሻ። «የእናቴን ስም ንገሪኝ እንዳልል፣ እናቴ ከፍታልሻለች።»

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ብደውል አታነሳም፣ እናቷም አያነሱም፣ ደህና ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ልጅቷ ግን ልክ ናት፣ ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው፣ እኔም በዚያች ሰዓት የተዘጋውን ስልክ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሳላስበው አንድ ቃል ከአፌ አመለጠኝ፣ ረጋ ባለ፣ ደስ ባለው ድምፅ፣ «ጎበዝ!» አልኩ።